ቁልፉ በሰብሳቢው ኪስ

ጋሼ ሰብሳቢ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ ቁጭ ብድግ እያሉ አረፈዱ። ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ሊጨፍነው ደርሷል። ያላስቀመጣቸው ግን ጥርሱ ብቻ አልነበረም። እሳቸው የሚመሩት የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ከነዋሪው መዋጮ ሰብስቦ፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ ሴቶች ዳቦ መጋገሪያ ቤት ከፍቶላቸዋል። የቤቱ ቁልፍ ከሰብሳቢው እጅ አይወጣም፤ የማኅበሩ ወግ ነው። ሴቶቹ በየቤታቸው ያቦኩትን ሊጥ ተሸክመው ደጁ ላይ ይቆማሉ፤ እሳቸው መጥተው ይከፍቱላቸዋል። ዛሬ ግን ጥርሱ ሲጠዘጥዛቸው አድሮ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት መጡ፤ ቁልፉም አብሯቸው መጣ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ከስልኳ ቀና ስትል የወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ንግድ ሥራ የምታስተምር፣ አንደበቷ የተባ ልጅ ናት።

“እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ጉንጭዎ ሸፍኖብኝ እኮ ነው።”

“ሳቂ፣ ሳቂ። ያንቺም ተራ ይደርሳል።”

ስልካቸው ጮኸ። የጋጋሪዎቹ አስተባባሪ ናት፤ ስትናገር ቃላቷ ስለሚጋፉ ሰፈሩ እቴቴ ቶሎ ይላታል።

“ጋሼ፣ ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ትምህርት ቤቱ ዳቦውን እየጠበቀ ነው፣ ዛሬ የሙከራችን መጨረሻ ነው፣ ካረፈድን ውሉን ለሌላ ዳቦ ቤት ይሰጡታል፣ ቁልፉን የሚያመጣ ሰው ልላክ?”

“ቁልፍ በሰው አይላክም። ተራዬ ደርሷል፣ ጠብቁ” ብለው ዘጉት።

“ለምን አይላክም?” አለች የወንድማቸው ልጅ።

“አደራ ነዋ! የሕዝብ ገንዘብ ነው። አንድ ነገር ቢበላሽ ሰፈርተኛው ማንን ነው የሚይዘው?”

“እሺ፣ ዱቄቱን ማን ይገዛል?”

“እኔ።”

“የዳቦውን ዋጋ ማን ይቆርጣል?”

“እኔው።”

“ከትምህርት ቤቱ ጋር የተነጋገረውስ?”

“ሌላ ማን አለና?” አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

“ታዲያ ይኸው፣ የእርስዎ ጥርስ ሲታመም ዳቦ ቤቱም ታመመ።”

ጋሼ ሰብሳቢ ተነሥተው እስከ መስኮቱ ሄዱና ተመለሱ። ለሰው የሚደክም ሰው ድካሙን ሲነቅፉበት ስድብ እንኳ እንደዚያ አያመውም።

“ለራሴ ብዬ ነው እንዴ? በዚህ ዕድሜዬ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣሁ የምከፍተው?”

“ደግነትዎንማ ማን ይክዳል። ግን ጋሼ፣ ማኅበሩ የሰጣቸው ምድጃውን ነው ወይስ ምድጃው አጠገብ የመቆም ፈቃድ? ሰፈርተኛው ያዋጣው ሴቶቹ ራሳቸውን እንዲችሉ ነው። መግዛቱንም፣ መሸጡንም፣ መዋዋሉንም እርስዎ ከያዙት መቼ ሊማሩት ነው? ይሳሳቱ ይሆናል፤ ማን ሳይሳሳት ነገደ? ማኅበሩ የሚያሠለጥናቸው ይፈልግ፣ ከደንበኛ ጋር ያገናኛቸው፣ ሲቸግራቸው ከጎናቸው ይቁም። መምራቱን ግን ለእነሱ ይተው።”

“እርስ በርሳቸው ቢጣሉስ? ሴቶች ሲሰበሰቡ ታውቂ የለ?”

“ባለፈው ስብሰባ ወንበር የተወራወሩት ባለ ወፍጮውና ሥጋ ሻጩ ሴቶች ነበሩ?”

ሳቅ አመለጣቸው፤ ጥርሱም ወዲያው ቀጣቸው። ጉንጫቸውን ይዘው ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ። እቴቴ ቶሎ በዚህኛው ጊዜ አልቸኮለችም።

“ጋሼ፣ ሊጡ ሞልቶ ፈሰሰ። ሴቶቹ ‘ወደ ቤታችን እንሂድ ወይ?’ እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?”

ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ከወንበራቸው ተነሡ። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጅ አሳድገው፣ ቤት ብቻቸውን ያቆሙ ሴቶች ወደ ገዛ ቤታቸው ለመመለስ የእሳቸውን ፈቃድ እየጠየቁ ነው። እንዲህ አድርጎ ያስለመዳቸው ማን እንደሆነ ለመረዳት መምህርት አላስፈለጋቸውም። አፈሩ።

ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ እሳቸው በሩን ከፍተው ወጥተዋል።

“ጋሼ፣ ተጠሩ እኮ!” አለች የወንድማቸው ልጅ ተከትላቸው።

“ጥርሱ ይቆይ።”

ሲደርሱ ሊጡ ከየዕቃው ገንፍሎ ደጁን አጨማልቆታል። ቁልፉን አውጥተው ለእቴቴ ቶሎ ሰጧት፤ እሷም ከፍታ ልትመልስላቸው ስትል እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ቀጥለው ለትምህርት ቤቱ ሊደውሉ ስልካቸውን አነሡና ቆም አሉ።

“አንቺ ደውዪ” አሏት።

“እኔ? ምን ብዬ?”

“ዳቦው የማን ነው? የሆነውን ንገሪያቸው።”

ደወለች። እሷ ስታወራ ጋሼ ሰብሳቢ በደጁ ወዲህ ወዲያ ተንቆራጠጡ፤ ሁለት ጊዜ ስልኩን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁለት ጊዜም ሰበሰቡት። እቴቴ ቶሎ በሩ ሳይከፈት መቅረቱን ሳትደብቅ ነገረች፤ ጥፋቱን በማንም ላይ አላሳበበችም። ነገ ልጆቹ ሳይገቡ ዳቦው ትምህርት ቤቱ ይደርሳል ብላ ቃል ገባች። ርእሰ መምህሩ አንድ ቀን ጨመረላቸው።

በቀጣዩ ስብሰባ ጋሼ ሰብሳቢ ዳቦ ቤቱን ሴቶቹ ራሳቸው በመረጧት መሪ ያስተዳድሩት ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

“ሴት ልትሾሙብን ነው?” አለ ባለ ወፍጮው።

“ባንተ ላይ ማን ሾመ? በገዛ ሥራቸው ላይ ነው” አሉት። ብዙ ተጮኸ፤ በመጨረሻ ሐሳባቸው አለፈ።

የለውጡም ጥቅም ሳይውል ሳያድር ታየ። ትምህርት ቤቱ ውል ፈረመ። ሴቶቹ ከዱቄት ነጋዴ ጋር ተከራክረው መግዛትን፣ ትርፍና ኪሳራን መለየትን ተማሩ፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ በማኅበሩ ኮሚቴ ገቡ። መዋጮ ሲባል ፊቱን ያዞር የነበረው ሰፈርተኛ ፍሬውን በዓይኑ ስላየ ሳይለመን ይሰጥ ጀመር። ደግሞም ትናንት ተረጂ የነበሩት ከትርፋቸው ቆርሰው ማኅበሩን የሚረዱ ሆኑ።

ዓመቱ ሲዞር የማኅበሩን ስብሰባ የመራችው ኮሚቴ ከገቡት አንዷ የሆነችው እቴቴ ቶሎ ናት። ጋሼ ሰብሳቢ ተነሥተው፣ የተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ምድጃ ይገዛበት ሲሉ በሰፊው አስረዱ። እሷም በጥሞና ሰማቻቸው።

“ሐሳብዎ ደግ ነው ጋሼ። እኛ ግን ሕፃን የሚይዝላቸው አጥተው ከሥራ ለቀሩ ጎረቤቶቻችን የልጆች ማቆያ እንክፈትበት እንላለን። እስቲ እጅ እናውጣ።”

እጅ ወጣ፤ ጋሼ ሰብሳቢም ተሸነፉ። ተናደዱ፤ ንዴታቸውም ከልብ ነበር፤ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ለማቆያው የጎደለውን በመዋጮ እንሙላ ሲባል ግን፣ ከተሸናፊዎቹ ወገን ቀድመው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው የሰደዱት እሳቸው ነበሩ።