ሳይንቀሳቀስ የሚሄደው ባቡር

ሄሎ?... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ውይ እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ድምፅዎን አላወቅኩትም... አይ፣ አልታመምኩም፣ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነው... ስፒል! ደንበኛ ላይ ቀሚስ እየለካሁ ነው። ቆይ ላውጣው።

— እኅቴ፣ እንዳትንቀሳቀሺ፣ ወገብሽ ላይ አራት ስፒል አለ። የባለቤቴ ታላቅ እኅት ናቸው፣ አንድ ደቂቃ ብቻ።

እሺ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ተሻለዎ?... እንዴ፣ ምነው?... ቀስ ይበሉልኝ፣ አንዱንም አልሰማሁ... ማን ነው ያዋረደው?... ወንድምዎን?... እኔና ልጄ?

አሃ። ቪዲዮውን አዩት... ሐኪሙ ልጅዎ ነው የላከልዎ? ደግ አደረገ... አዎ፣ እሱ ነው። ጠረጴዛ የሚደበድበውም እሱ ነው፣ በአፉ የባቡር ጡሩምባ የሚነፋውም እሱ ነው... አዎ፣ በስልሳ ሰባት ዓመቱ... ኧረ አልሰከረም! ውሃ ነው የጠጣው... አላበደምም እትዬ!... አይ፣ ልጅቷም መጫወቻ አላደረገችውም።

ሄሎ? ይሰሙኛል?... እንግዲያው ቁጭ ይበሉ። ቪዲዮው ከመሃል የተቆረጠ ነው። ከሥሩ ልንገርዎት፣ ከዚያ መሳደብ ካማረዎት ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማዎታለሁ፣ እሺ?... እሺ።

ልጅቷ የድምፅ ባለሙያነት ሥራዋን የለቀቀች ሰሞን ያስታውሱታል?... እንዴታ፣ እርስዎም እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አንድ የተጣለ ፉርጎ ወስዳ ምግብ ቤት አደርገዋለሁ አለች። እሱ ምን አላት? «ሬሳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተሽ እንግዳ ልትጠሪ ነው?» አላት። እርስዎም «እውነቱን ነው» አሉ... አይ፣ ለወቀሳ አይደለም፣ እንዲያው ነገሩ እንዲያያዝልኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳውን ባቡር በአንድ ወረቀት ዘጉበት። ካስረከበ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጣቢያው በኩል ታክሲ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። እና ልጁ ሄዳ እዚያው ቁስሉ ላይ ጣቷን ስትሰድ...

እንዲያ ሆነው ሆድና ጀርባ ሆኑ። ሁለት ዓመት እትዬ! እሷ በፊት በር ስትገባ እሱ በጓሮ ይወጣል። ምሳ አብራን ከቀረበች ሳህኑን ይዞ መኝታ ቤት ይገባል። እኔ በመሃል የሁለቱን ሰላምታ አመላልሳለሁ፤ «አባትሽ ደኅና ነሽ ወይ ብሏል» እላታለሁ፣ እሱ ግን ምንም አላለም።

— ክንድሽን ትንሽ ከፍ... እንዲያ። ጠበበሽ? አልጠበበሽም፣ አዲስ ስለሆነ ነው።

እ? አዎ እትዬ፣ አለሁ... እሱን እኔም አልገባኝም ነበር! ምግብ ቤት ማለት ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ምግብ፣ አለቀ። «እማዬ፣ ሰው አሁን ሆዱን ለመሙላት ብቻ አይወጣም፣ የሆነ ቦታ ሄዶ መምጣት ይፈልጋል» ትለኛለች። ካልገባሽ ላሳይሽ ብላ ከተማውን አዞረችኝ። መጀመሪያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የሚበላበት ቤት ወሰደችኝ... እውነቴን ነው! ሰው የራሱን እጅ አያይም። አስተናጋጆቹ ዓይነ ስውራን ናቸው፣ እነሱ ናቸው እጅ ይዘው የሚያስቀምጡት። እኔ ያጠገቤን ሰውዬ ዳቦ ጥርግ አድርጌ በላሁበት፣ እሱም «ዳቦዬስ?» ሲል እንደ ጨዋ ሰው ዝም አልኩ... ይሳቁ፣ ይሳቁ! ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ቃል መተንፈስ የሚከለከልበት አለ። በእጅ ምልክት ነው የሚታዘዘው። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብዬ አላውቅም፣ ስወጣ መንጋጋዬን አመመኝ። ደግሞም ሰውን ቀበቶ አስረው ከነጠረጴዛው በክሬን ወደ ሰማይ የሚሰቅሉበት... አይ፣ እሱን እንኳ ከታች ቆሜ ጠበቅኋት። እኔ ምግብ የሚወርድልኝ እግሬ መሬት ሲነካ ነው።

ከዚያ ነው ፉርጎዋን ያሳየችኝ። እትዬ፣ ምን ልበልዎት። መስኮቱ ሁሉ ስክሪን ነው፤ ሜዳው፣ ወንዙ፣ ተራራው ያልፋል። ከመቀመጫው ሥር የሚያንቀጠቅጥ ነገር አለ። አየሩ ራሱ አንዴ ዝናብ ዝናብ ይሸታል፣ አንዴ አቧራ። ቲኬት ተቆርጦ ይገባል፣ ምግቡ በየጣቢያው ይቀርባል፤ መጀመሪያው ጣቢያ ሾርባ፣ ሁለተኛው ዓሣ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ፉርጎው ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ያን ቀን መጋረጃውን እኔ ልስፋ አልኳት። ለአሥራ ስምንት መስኮት! እሱ «ይሄ ሁሉ ጨርቅ የማነው?» ሲለኝ «የምግብ ቤት ነው» አልኩት። ዋሸሁ? አልዋሸሁም።

የመክፈቻው ዕለት ቅዳሜ ምሳ ላይ ነበር። «ደንበኛ ጋ መጋረጃ ላድርስ ነው፣ ከበደኝ፣ ያዝልኝ» አልኩት... ምን ላድርግ እትዬ፣ እውነቱን ብነግረው እሺ ይለኛል? እሱም ጥቅሉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተከተለኝ። የአሮጌው ጣቢያ በር ላይ ስንደርስ ቆመ። ዓይኔን አየኝ። እኔማ አሁን ጥሎኝ ይመለሳል አልኩ። ፉርጎዋ አረንጓዴ ተቀብታ ታበራለች። ተጠጋ፣ የደረጃውን እጀታ ያዘ፣ እንደ ሕፃን ግንባር ዳበሰው። ወጥቶ ገባ፣ እኔም ተከተልኩ። መጋረጃውን ራሱ ሰቀለው፣ ጥግ ያዘና ተቀመጠ። ልጁን ግን ቀና ብሎም አላያት።

ሄሎ?... አዎ፣ ይቆራረጣል፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ... አሁንስ?

እንግዳው ሠላሳ ስድስት ነበር። ከመሃላቸው ስለ ምግብ ቤቶች ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ አለ፤ እሱ ካጣጣለው ሰው አይመጣም ይባላል። ልጄ እሱን እያየች ከንፈሯን ታኝካለች። ባቡሩ «ተነሣ»፤ ሰዉ በደስታ ጮኸ። ወንድምዎ እጁን አጣጥፎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባቡር እንዲህ አይንቀጠቀጥም። በርሜል ውስጥ የተጣለ ድንጋይ ነው የሚመስለው።» ጭኑን ቆነጠጥኩት።

ሾርባው እንደተነሳ... ድርግም! መስኮቱ ሁሉ ጠቆረ። መንቀጥቀጡ ቆመ፣ ድምፁ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ኖሯል። አንዱ ጓደኛዋ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ላቡ ይንጠባጠባል። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ከሁሉ የሚከፋው ዝምታው ነው! ባለ መነጽሩ ፎጣውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ልጄ በሩ ጋ ቆማ ፊቷ አመድ መሰለ። የሁለት ዓመት ልፋቷ እትዬ፣ ዓይኔ እያየ... ዞር ስል የሱ ወንበር ባዶ ነው። በቃ ጥሎን ሄደ አልኩ።

አልሄደም። መተላለፊያው መሃል ቆሞ ኮቱን ይቆልፋል። ከዚያ በዚያ በሥራ ድምፁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነው፣ «የተከበራችሁ መንገደኞች! ዋሻ ውስጥ ገብተናል። ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ። መጋረጃችሁን ዝጉ!» አለ። ዘጉ! ሠላሳ ስድስት ሰው እንደ ተማሪ ታዞ ዘጋ!

ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ መታ፤ ዱ-ዱም... ዱ-ዱም... «ይሄ የሀዲዱ መጋጠሚያ ነው» አለ። በቀኝ ያሉትን በእጅ፣ በግራ ያሉትን በተረከዝ አስመታቸው፣ ፉርጎዋ በሙሉ አንድ ልብ ሆና መምታት ጀመረች። ከዚያ መንገዱን ያወራላቸው ገባ። «ከዋሻው ወጣን። በግራ ወንዙ አለ፣ ደፍርሷል፣ ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው። ጥምዝ ላይ ነን፣ ወደ ግራ ዘንበል!» ሰዉ ሁሉ ዘንበል። ትሪ የያዘው አስተናጋጅ ራሱ ዘንበል! «አሁን የብርቱካን ሻጮቹ ጣቢያ ደረስን። እነዚህ ሴቶች እጁን በመስኮት ላልዘረጋ አይሸጡም» አለ። ልጄ ወዲያው ገባት፤ ወጥ ቤት ሮጣ ለማጣጣሚያ የተዘጋጀውን ብርቱካን ሁሉ አስወጣች። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን በዘረጉት ሰዎች መዳፍ ላይ አስተናጋጆቹ አንድ አንድ አስቀመጡላቸው። ሲልጡት ሽታው ቤቱን ሞላው። ባለ መነጽሩ እንደ ልጅ ነው ክንዱን የዘረጋው!

እትዬ?... አሉ?... እሺ።

ጡሩምባው የመጣው ከዚያ ነው። ድልድዩ ላይ ደረሱ። «እዚህ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ሥሩ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች አሉና» ብሎ በአፉ ነፋ። ሐኪሙ ልጅዎ የላከልዎ ይሄን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የቀረጸም የለ። ሳይታሰብ ድምፁን ዝቅ አደረገና «በመጨረሻው ጉዞዬ ፉርጎዎቹ ባዶ ነበሩ» አለ። «አንድ መንገደኛ አልነበረኝም። ግን ድልድዩ ላይ ነፋሁ። ሥር ያሉት ሰዎች ተነሥተው እርጥብ ልብሳቸውን አውለበለቡልኝ።» ለኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም! አንድ አልጋ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተኝተን! ከዚያ ጠረጴዛውን የሚመታው እጁ ቆመ። የሰዉም ምት ቆመ። ያኔ ከወዲያ ጫፍ... ዱ-ዱም... ዱ-ዱም... ልጄ ናት። በሩን በመዳፏ ትመታዋለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ምቱን ግን አልሳተችም። እሱ ወደሷ ዞረ፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፣ ቀጠለ።

ኮምፒውተሩማ ተሠራ። ጓደኛዋ «ልክፈተው?» ብሎ በእጁ ምልክት ሲጠይቃት ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለችው።

ሲያልቅ ያ ጭብጨባ... አይጠይቁኝ። ባለ መነጽሩ መጥቶ «ለዚህ ትርኢት ስንት ጊዜ ተለማመዱ?» ቢለው ወንድምዎ «ሠላሳ አንድ ዓመት» አለው... አዎ፣ እንዲሁ ነው ያለው! እኔማ የለበስኩት ቀሚስ ጠበበኝ፣ ደረቴ ተነፍቶ። ለማላውቃት ሴትዮ ዞሬ «ባሌ ነው፤ ያቺ ደግሞ ልጄ» አልኳት። ማን ጠየቀሽ አላለችኝም።

አይ፣ አልተቃቀፉም። የሱን ነገር እያወቁት። ወደሷ ሄደና «ከድልድዩ በፊት ያለው ጥምዝ ወደ ግራ ነው፣ ስክሪንሽ ላይ ወደ ቀኝ ነው ያደረግሽው» አላት። እሷም እስክሪብቶ አወጣች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የሚበላ ተረፈ?» አላት። ከሷ ሳህን ነው የበላው እትዬ። በገዛ እጁ።

አሁንማ በሳምንት ሦስት ቀን እሱ ነው የሚነዳው... ስክሪኑን አንሥተውታል። ሰው መጋረጃው ተዘግቶ ይበልጥ ያያል አለች ልጅቷ... እትዬ? እያለቀሱ ነው?... አይ፣ እኔስ ምን ብዬ እቀየማለሁ፣ ለወንድምዎ ተቆርቁረው ነው የደወሉት። ባይቆረቆሩ ነበር የሚከፋኝ።

— ኧረ አንቺም? እንባሽን በእጅጌው አትጥረጊ፣ ሐር ነው!

ደንበኛዬ ናት፣ እሷም... ቦታ? የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ሞልተዋል። ለእርስዎ ግን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ወንበር አስገባለሁ። ሐኪሙም ይምጣ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይቅረጽ... ከወንድምዎ ጋር ላገናኝዎት? ጓሮ ነው፣ ከልጅቷ ጋር... ቆይ ይስሙ፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ ላዙርልዎት...

ሰሙ? እየተጨቃጨቁ ነው። እሱ ባቡሩ ጥምዙ ላይ ይቀንሳል ይላታል፣ እሷ ዓሣው ይቀዘቅዛል ትለዋለች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው፣ ጎረቤት ሰው የተጣላ መስሎት ሁለቴ በር አንኳኳ... ላስታርቅ? ኧረ ምን ሲደረግ! ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ የግድግዳ ሰዓቱን ቆጠራ ብቻ ስሰማ ነው የኖርኩት... አዎ። አዎ እትዬ፣ አሜን። እንግዲህ ይፍቀዱልኝ፣ ስልኩን ልዝጋው፤ ዝም ሳይሉብኝ ትንሽ ልስማቸው።