ለድንቢጥ ያልተነገራት

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሕፃናት ክሊኒክ የምትሠራ ወጣት ነርስ መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ተሸክማ በሰፈሯ ወዳለ ሶፋ ቤት ገባች። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለለ፣ እጃቸው ግን ገና ከመዶሻ ያልተለየ አዛውንት ነበሩ። ቀና ብለው ሲያዩዋት መልኳ አልጠፋቸውም። ከሦስት ወር በፊት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ በሄዱ ጊዜ ደም የወሰደችላት እሷ ነበረች።

«ድንቢጥ እንዴት ሆነች፣ አባባ?» አለች ወንበሩን አስቀምጣ። ድንቢጥ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ እንደ ወፏ ትንሽና ፈጣን ናት ብለው ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው።

«ምን እባክሽ፣ ያው ናት። ሆዷ ይነፋል፣ እሷ ትከሳለች፣ ክፍል ውስጥም ታንቀላፋለች አሉ። ስንዴና ገብስ አታብሏት ባላችሁን መሠረት ከፊቷ አጥፍተናል። የምንሰጣት ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎና እንቁላል ነው። በሽታው ግን ወይ ፍንክች።»

ነርሷ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። «እሷስ ስለ ሕመሟ ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች? አታውቅም።»

«አልነገራችኋትም?»

አዛውንቱ መዶሻቸውን አኖሩ። በዚህ ነገር ከልጃቸው፣ ከድንቢጥ እናት ጋር ተከራክረው ረትተው ስለነበር መልሳቸው ዝግጁ ነበር።

«አይነገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ዳቦ ስትጠይቅ አልቋል እንላታለን፤ ሌላ ቀን ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል እንላለን። ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ደግሞ አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ። አንድ ፍሬ ልጅ ዕድሜ ልክሽን የሚከተልሽ በሽታ አለብሽ ትባላለች? ከበሽታው ፍርሃቱ ይብስባታል። ደግሞስ ቢነገራት ምን ልታደርገው? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«እውነትዎን ነው፣ ልጅ ማስፈራት አይገባም። ነገር ግን መንገርና ማስፈራት ለየቅል ናቸው። በትምህርት ቤት፣ በጓደኛ ቤት፣ በመንገድ ላይ እርስዎ የሉም፤ የሚቀርብላትን የምትቀበለው እሷው ናት። ከምን እንደምትጠነቀቅ ሳታውቅ እንዴት ትጠነቀቅ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«እኔ መቼ ከሐኪም ደበቅሁ? ከራሷ ነው እንጂ።»

«እሱማ ይብሳል» አለች ነርሷ ለስለስ ብላ።

አዛውንቱ ሳይወዱ ሳቁ። የሳቀ ሁሉ ግን ተረታ ማለት አይደለም። «እሺ፣ ማልቀስ ስትጀምር ማን ያባብላታል? አንቺ ወንበርሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«እርስዎ ያባብሏታል። አሁን ብቻዋን የምታለቅስ ከሆነስ በምን ያውቃሉ?»

ነገሩ እንደተንጠለጠለ ድንቢጥ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ከትምህርት ቤት መጣች። ነርሷ አዛውንቱን በዓይኗ አስፈቅዳ፣ ከልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ድንቢጥ፣ ቤት ውስጥ ዳቦ የማታገኚው ለምን ይመስልሻል?»

ልጅቷ አያቷን አየች፤ ከዚያ ወለሉን። «በቀዩ ጨርቅ ምክንያት ነው።»

«የቱ ቀይ ጨርቅ?» አሉ አዛውንቱ።

«የሰው ሶፋ ልታለብስበት ያስቀመጥከው። ለአሻንጉሊቴ ልብስ ብዬ የቆረጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው ዳቦ አልቋል ማለት የጀመራችሁት። ግን አላለቀም፤ እማዬ ቦርሳ ውስጥ አይቻለሁ። ይቅር እስክትሉኝ እየጠበቅሁ ነው።»

«ትምህርት ቤትስ?» አለች ነርሷ።

«ጓደኛዬ በየቀኑ ዳቦዋን ታካፍለኛለች። ተቀጥቻለሁ ስላት አዘነችልኝ።»

አዛውንቱ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ያ ጨርቅ በተቆረጠበት ቀን አጉረምርመውበት፣ ሳይመሽ ረስተውት ነበር። እሷ ግን ሦስት ወር ሙሉ ተሸክማዋለች። ትልቅ ሰው ዝም ያለበትን ቦታ ልጅ ባዶ አትተወውም፤ የራሷን ምክንያት ትሞላበታለች፤ ያም ምክንያት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይከፋል።

«ነይ» አሉ ወደ ራሳቸው አስጠግተው። «ማንም አልቀጣሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እውነቱን ደበቅሁሽ። አሁን ይቺ እህትሽ ትነግርሻለች።»

ነርሷ ጀመረች። «አንጀትሽ ውስጡ ለስላሳ ጠጉር አለው። ከበላሽው ምግብ ለሰውነትሽ የሚሆነውን የሚመጥጥልሽ እሱ ነው።»

አዛውንቱ ጠጉራም የከፋይ ጨርቅ ቁራጭ አንስተው በልጅቷ መዳፍ ላይ አደረጉ። «እንደዚህ?»

«ልክ እንደዚህ። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ለብዙ ሰው ምንም አያደርግም። የአንቺ ሰውነት ግን ጠላት ይመስለውና ሊዋጋው ሲነሳ የራሱን ጠጉር ያጠፋል። ያኔ ምግቡ ሳይጠቅምሽ ያልፋል፣ ሆድሽም ይታመማል። ስሙ ሴሊያክ ይባላል።»

«መልሶ ይበቅላል?»

«ግሉተን ያለበት ነገር ካልበላሽ ይበቅላል።»

«ለጓደኛዬ ይጋባባታል?»

«በፍጹም። አብረሽ ተቀመጪ፣ አብረሽ ተጫወቺ፤ ዳቦዋን ብቻ ተይላት።»

«ትንሽ ቁራሽስ?»

«ትንሿም ትጎዳሻለች።»

«ትልቅ ስሆንስ?»

አዛውንቱ የፈሩት ይህንን ነበር። ቢሆንም ራሳቸው መለሱ። «ትልቅ ስትሆኚም፣ የኔ ልጅ።»

ድንቢጥ ጥቂት አለቀሰች። አያቷ አቅፈው አባበሏት። ኋላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ብስኩት ከሩዝ ይሠራል?» ብላ ጠየቀች፤ እንደሚሠራም ሰማች።

በማግስቱ አዛውንቱ ትምህርት ቤት ሄደው ለመምህሯ አስረዱ። ጓደኛዋም ከዳቦው ይልቅ ሙዝ ማካፈል ጀመረች። ሰባት ወር ሳይሞላ የሆዷ መነፋት ጠፋ፣ ጉንጯ ሞላ፣ የደም ምርመራዋም ተስተካከለ፤ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቷም ቀረ። ከሁሉ በላይ ቤቱ ውሸት ከመፍጠር አረፈ። እናቲቱም ዳቦዋን ቦርሳ ውስጥ መደበቅ ትታ፣ ለብቻው በተለየ መደርደሪያ አኖረችው።

አንድ ጠዋት አዛውንቱ ለራሳቸው ዳቦ ቆርሰው፣ በዚያው ቢላዋ የድንቢጥን ፓፓያ ሊከፍሉ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ቢላዋው ላይ ፍርፋሪ አለ።»

አዩት፤ አለ። እሷ ባታውቅ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። ተነሥተው ቢላዋውን በሳሙና አጠቡ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቁ። ሲመለሱም እጀታውን ወደ እሷ አዙረው አቀበሏት፤ ፓፓያዋንም ራሷ ቆረጠች።