ወደ ግራ የሚጎትተው ትራክተር

በደርግ ጊዜ ቡሬ አጠገብ ባለ አንድ እርሻ ትራክተር ነጂ ነበርኩ፤ ከነጂዎቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ። አንድ ጠዋት ስናርስ ትራክተሩ ወደ ግራ እየጎተተ ትልሜን አጣመመብኝ። አለቃችን ጋሽ ሙላት መጥተው አዩና፣ «ውረጂ ልጄ፣ ይኼ የወንድ ክንድ ይፈልጋል። ከነገ ጀምሮ መጋዘን ትገቢያለሽ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ ግን አንድ ጊዜ እርስዎ ይንዱልኝ» አልኳቸው። ወጥተው ነዱ። ብዙም ሳይርቁ ትራክተሩ እሳቸውንም ይዞ አጠገባችን ያለው በቆሎ ውስጥ ገባ።

ሠራተኛው ሳቁን ሲውጥ እኔ እየሮጥኩ ደረስኩ። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል ነው። የቀኙን የኋላ ፍሬን ከላዩ በእጄ ብነካው ቀዝቃዛ ነው፤ የግራውን ስነካው ግን አቃጠለኝ። «አገኘሁት ጋሼ፣ የግራው ፍሬን ይዞ አልለቅ ብሏል» አልኩ። ፈትቼ ሳየው ፍሬኑን የሚመልሰው ሞላ ተበጥሷል። ተበላሽቶ ከቆመ ሌላ ትራክተር ሞላ አምጥቼ ቀየርኩና ተነሣሁ። እጄን ከመሪው ባነሣ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ብቻዬን እየሳቅኩ ማሳውን አጋመስኩት።

ዞሬ ስመለስ ጋሽ ሙላት ዳር ቆመው ጠበቁኝ። የመጋዘኑን ነገር አላነሡትም። ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «እንዲያው ልጄ፣ የእኔም መኪና ሰሞኑን ወደ ቀኝ ትላለች፤ ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ብታዪልኝ?» አሉኝ።