የኋላው ወንበር

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት፣ ማሰሮ ያቀፉ አንድ ሽማግሌ አዋሯት።

«እግርሽ ሥር ያለው ጆንያ ምንድን ነው ልጄ?»

«የሸክላ አፈር ነው አባቴ። አሮጌው ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆነ አይደል? እዚያ ሸክላ ሥራ ላስተምር ነው።»

«ወይ ጉድ! ድንጋዩን በትከሻችን ተሸክመን የሠራነው ፊደል እንዲቆጠርበት እንጂ ጭቃ እንዲቦካበት ነው?»

«ፊደሉንማ እኔም እዚያው ነው የቆጠርኩት። የሸክላ ሠሪ ልጅ ቡዳ ናት ተብዬ፣ ከኋላ ወንበር ለብቻዬ ነበር የምቀመጠው።»

«እሱማ የዚያን ጊዜ ልማድ ነው።»

«ልማዱ ነው ከትምህርቱ ያስወጣኝ። አሁን ሌላ ሰፊ ክፍል እንስጥሽ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ያንኑ ክፍል ነው የተቀበልኩት።»

«እና ማን ልጁን ይልክልሻል?»

«ያልፈለገ ይተው። የመጣው ግን እኔን ከቦ ነው የሚቀመጠው፤ ከኋላ የሚባል ወንበር የለም።»

«አቤት ድፍረት!»

«ገና ምኑን አይተው! ለመሆኑ ማሰሮው ውስጥ ምን አለ?»

«ቅቤ ነው። ላሊበላ ላለችው ልጄ።»

«ማሰሮውንስ ማን ሠራው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ከኩልመስክ ገበያ ነው የገዛሁት።»

«ገበያ ማሰሮ አይሠራም አባቴ።»

መኪናው ኩርባው ላይ ሲያዘነብል ጆንያው ወደ እግሬ ተንሸራተተና፣ ላሊበላ እስክንደርስ በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት።