የአቶ ጥሩነህ ተስፋዬ ሕይወትና ያልተነገራቸው መርዶ

አባቶች ካህናት፣ ከኦስሎ ሰፈሮች ከሃውገንስቱዋም ከላምበርትሴተርም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፣ ይህን የአቶ ጥሩነህ ተስፋዬን የሕይወት ታሪክ የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ወንድም ሳምሶን ሲሆን፣ በታሪኩ ፍጻሜ ከሚሰማው ጥፋት ራሱን ነጻ እንደማያደርግ አስቀድሞ ይገልጻል።

አቶ ጥሩነህ ከአባታቸው ከአቶ ተስፋዬ ማኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ በ1958 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ፤ ለእናታቸውም አንድያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው ወደ ፈረቃቸው በብስክሌት ይመላለሱ ስለነበር፣ አቶ ጥሩነህ ገና ኮርቻው ላይ መድረስ ሳይችሉ እግራቸውን ከአግዳሚው ብረት ሥር አሾልከው መንዳትን ለመዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ በብረታ ብረት ሙያ ሠልጥነው ጥቂት ዓመታት ሠርተዋል።

በ1982 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ካርቱም ሳሉ አባታቸው አረፉ፤ ወዳጆቻቸው ግን መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም በሚለው ልማዳችን ነገሩን ስለሸሸጉት፣ አቶ ጥሩነህ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው ደብዳቤ ሲጽፉ ኖሩ። ይህ ከልባቸው ስላልወጣ፣ ኋላ ትዳር ሲይዙ ባለቤታቸውንና ሳምሶንን አስቀምጠው «የእናቴን ግን እንዳትደብቁኝ» በማለት ቃል አስገብተዋቸው ነበር።

ወደ ኖርዌይ ከመጡ በኋላ በኦስሎ ማዮርስቱን ሰፈር የቢሮ ሕንፃ በጽዳት፣ ቀጥሎም በማዘጋጃ ቤቱ በኮሙኑ ትምህርት ቤት በቫክትሜስተርነት፣ ማለትም በሕንፃ ተንከባካቢነት፣ ቁልፉንም ቧንቧውንም እየጠበቁ ሃያ ሦስት ዓመት አገልግለዋል። ከወይዘሮ ብሩክታዊት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሄርሜላንና ዓብይን አፍርተዋል። በሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት ይጠግኑ ነበር፤ ሄልሜቱን ያላሠረ ልጅ ግን ቢያለቅስም ብስክሌቱን አያገኝም ነበር። ሳምሶንንም በአርባ ዓመቱ ብስክሌት አስተምረውት፣ በየድግሱ አወዳደቁን እያስመሰሉ ሰው ያስቁበት ነበር። ከሥራ ሲወጡም አንድ ቀን ሳያዛንፉ ለእናታቸው ይደውሉ ነበር።

ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ልጆቻቸው በፈረንሳይ የወይን አገር የተራራ ብስክሌት ጉዞ አዘጋጁላቸው፤ ሳምሶንም አብሮ ሄደ። መንገዱ ጥንታውያን መንደሮችን ዞሮ ከተነሡበት የሚመልስ ሲሆን፣ በጉዞው መግለጫ ወረቀት ላይ ክብደቱ መካከለኛ ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው መስከረም፣ በጉዞው ዕለት ጠዋት፣ አቶ ጥሩነህ በእንግዳ ማረፊያው ግቢ ጎማ እየነፉ ሳለ ወይዘሮ ብሩክታዊት ከኦስሎ ለወንድሟ ለሳምሶን ደወለች። ወይዘሮ ጌጤ አርፈው ነበር። «ቀብሩ ዛሬ ነው፣ በምንም አይደርስም፤ እዚያ ሰው በሌለበት ማን ይደግፈዋል? ነገ ሲመጣ ሰው ሰብስበን ከነገ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ እንነግረዋለን» አለችው። ሳምሶንም ተስማማ፤ ጉዞውን ቢያስቀር ነገሩ እንዳይነቃበት ስለሰጋም ኮርቻው ላይ ወጣ።

በመጀመሪያው መንደር አቶ ጥሩነህ ለእናታቸው ደውለው የሚያነሣ አጡ፤ ሳምሶን «ኔትወርክ ይሆናል» አላቸው። ከዚያ እስከ ሁለተኛው መንደር፣ ወፍ ከወይኑ ለማባረር የተተከለው መድፍ በየጥቂት ደቂቃው እየጮኸ ያስደነግጣቸው ነበር። እዚያም በመንደሩ ጥንታዊ የድንጋይ በር በኩል የሰው አስከሬን ሲወጣ ደረሱ፤ አቶ ጥሩነህ ወርደው፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው፣ ለማያውቁት ሰው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ፤ ሳምሶን ግን ፊታቸውን ማየት አልቻለም።

በሦስተኛው መንደር ለእናታቸው ጎረቤት ደወሉ። ጎረቤቲቱም እንደኛው ልማዱን ጠብቃ «እናትዎ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» አለቻቸው፤ ከኋላዋ ግን የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ስልኩን ዘግተው «ሳምሶን፣ እናቴ ምን ሆናለች?» ሲሉ ጠየቁት። «ደኅና ናቸው፣ ጋሼ» አላቸው። ፊቱን አዩት፤ ስልካቸውንም ኪሳቸው ከትተው ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ቁልቁለቱን ብቻቸውን ወረዱ። ለልጆች ሁሉ ቀስ በሉ ሲሉ የኖሩ ሰው ያን ዕለት ፍሬን አልያዙም። ሳምሶን ሲደርስ በመታጠፊያው ላይ ከወይኑ እርሻ የድንጋይ ግንብ ሥር ወድቀው አገኛቸው፤ የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩም ሳይደርስ ዐረፉ።

አቶ ጥሩነህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብሩክታዊትን፣ ልጆቻቸውን ሄርሜላንና ዓብይን፣ ይህንን የሚያነበውንም ሳምሶንን ትተው ሄደዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠራ የሚገባው የእናታቸው ስም ያልተጠራው፣ በአንድ ቀን እናት አፈር ሲለብሱ ልጅ በመውደቃቸው ነው። ከሳምሶን አፍ የተነፈጋቸውን መልስ ዛሬ ከእናታቸው ከራሳቸው ሰምተዋል። እግዚአብሔር የሁለቱንም ነፍስ በአንድ ቦታ ያሳርፍልን፤ ዋሽተን የሸኘናቸውን እኛንም ይቅር ይበለን፤ አሜን።