ከማን ጋር ነው የምታወራ?

ባለቤቴ ትርንጎ በወሊድ ሞተች። ሕፃኗን ራሴ ለማሳደግ ስል፣ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የማስተምረውን ትምህርት ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት እንድሰጥ አስፈቀድሁ። የትርንጎ እናት ግን ልጅቱን አገራቸው እንፍራንዝ ወስደው ሊያሳድጓት መጡ። «እችላለሁ፣ እማማ። አንድ ቀን አይተው ይፍረዱ» አልኋቸው።

በማግስቱ ሕፃኗን ታቅፌ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥሁ። ተማሪዎቼ ለዳታ ሲሳሱ ካሜራ አይከፍቱም፤ እኔ የማየው ስማቸውን ብቻ ነው። ስለ አፈር መሸርሸር አስረዳሁ፣ ጠየቅሁ፣ የሚመልስ ሳጣ ራሴው መለስሁ። እማማ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራ?» አሉኝ።

«ከተማሪዎቼ ጋር።»

«የታሉ?»

«ይሰሙኛል፣ እማማ። ልጆች፣ አላችሁ?»

መልስ የለም። ደግሜ ተጣራሁ። ለካ ኔትወርኩ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ስማቸው ብቻ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። አሁን ይፈርዱብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔም ከትርንጎ ጋር እንዲሁ ነው የማወራ» አሉ ቀስ ብለው። «መቼ ትመልስልኛለች።»

ሕፃኗን አስታቀፍኋቸው። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ገብቼ እንደማስተምር ነገርሁት። ከዚያ የሕፃኗን ልብሶች አንድ በአንድ አጣጥፌ በእማማ ሻንጣ ውስጥ ከተትሁ።