የጋሽ ከድሩ የሱብሒ ወፎች

ሰው የገዛ እጁ ሥራ ሲደርስበት አስቀድሞ ሌላውን ነው የሚከሰው። የዱብቲው ባለሻይ ቤት ጋሽ ከድሩም ከዚህ አላመለጡም።

ከወሎ ወርደው ጥጥ እርሻው ዳር ሻይ ቤት በከፈቱ ጊዜ፣ ከአዋሽ ዳር ጫካ ወፎች ጎሕ ሳይቀድ እየተንጫጩ ለሱብሒ ሶላት ይቀሰቅሷቸው ነበር። እርሻው ሲሰፋ ጫካው ሳሳ፤ ወፎቹም ጠፉ። አሁን የሚቀሰቅሳቸው የእርሻው ጡሩምባ ነው፤ እሱም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጮኻል። ሱብሒ ሲያመልጣቸው ቀኑን ሙሉ ይከፋቸዋል።

አንድ ቀን ምሳራቸውን ተሸክመው ማገዶ ሊቆርጡ ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህርት ከንጋትወርቅ ጋር ድንገት ተገናኙ።

«ጋሽ ከድሩ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ ደግሞ የትኛው ዛፍ ተራው ደረሰ?»

«አልሐምዱሊላህ። እነዚያ ሦስት ግራሮች ናቸው የቀሩት። ምን ላድርግ ልጄ፣ እሳት ከሌለ ሻይ የለ።»

«ወፎቹስ?»

«ወፎቹማ በኃጢአታችን ሸሹ። ሰካራሙ በዛ፣ ውሸቱ በዛ፤ አላህ በረካውን ነሳን።»

«ኃጢአት ካባረራቸው ታዲያ ቁራው ምን ብሎ መጣ?»

«ቁራማ ራሱ ኃጢአተኛ ነው!» ብለው ሳቁ።

እሷም ሳቀች። «ቁራው የሰፈሩን ጥራጊ ብሎ መጣ። ነጩ የውኃ ወፍ ሳቢሳም የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ተከትሎ መጣ። የእርስዎ ወፎች ግን ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው ቤታቸው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ምን ያደርጋል? ይሰደዳል።»

«ወፍ ክንፍ አላት እኮ፤ ሌላ ዛፍ አታጣም።»

«ሁሉም እንደ እርስዎ እያለ ከቆረጠ የት ታርፋለች? ማዶ ያለው ጫካ ገና አልተነካም፤ እዚያ ሲንጫጩ ሰምቻቸዋለሁ።»

ጋሽ ከድሩ ምሳራቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ስንት ዓመት ሻይ ያፈሉበት እንጨት በዓይናቸው ላይ ሄደ።

«እንግዲህ ለሶላት የሚጠራኝን ሙአዚኔን ያባረርኩት እኔው ነኝ በይኛ! ያ ረቢ!»

«ብቻዎን አይደሉም። እርሻውም አለበት፤ ሻይዎን የምጠጣው እኔም አለሁበት።»

«እነዚህን ብተዋቸው ይመለሳሉ?»

«ልዋሽዎት አልችልም፤ ሦስት ዛፍ ጫካ አይሆንም። ግን ሥሮቻቸው የወንዙን ዳርቻ ከጎርፍ ይይዛሉ፣ ጥላቸው ለሰውም ለከብትም ነው። አጠገባቸው ቢተከልና ቢበረክት ደግሞ የጥጡን ትል የሚለቅም ወፍ ይሰፍርበት ይሆናል። ለማገዶ እንደሆነ፣ እርሻው ከለቀማ በኋላ ነቅሎ የሚያቃጥለው የጥጥ እንጨት ሻይ አያፈላም?»

«ያፈላል እንጂ።» ግራሮቹን ቀና ብለው አዩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ። ያኔ ስመጣ ምነው በነገርሽኝ!»

«ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር፣ ጋሽ ከድሩ።»

ግራሮቹን ሳይነኩ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የሻይ ቤቱ ምድጃ በጥጥ እንጨት ይነዳል፤ በግራሮቹ ሥር የተከሏቸውንም ችግኞች ራሳቸው ውኃ ያጠጣሉ።

ግራሮቹን በተዉ ማግስት ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ነቁ። በጨለማው ወደ ወንዙ ወርደው ለሶላት ተጣጥበው ውዱእ አደረጉና ጆሯቸውን ወደ ማዶ ጣሉ። ወፎቹ ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ ነው። ድሮ እነሱ ደጃቸው ድረስ መጥተው ይቀሰቅሷቸው ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌው ሊሰሟቸው እዚህ ድረስ መጡ።